ቱርቦ ባለው መኪና ላይ ማርሚታ ስለ መግጠም



የመኪና ጢስ ማውጫ ለብዙዎቻችን ጢሱን ከሞተሩ ተቀብሎ በስተኋላ የሚያፈስ ተራ ቧንቧ ነው። እኔም ባለፈው ክረምት፥ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ፥ አጎቴ የጭነት መኪናውን ማርሚታ በግቢያችን ውስጥ ሲለውጥ እስካገዝሁት ድረስ የማስበው እንዲሁ ነበር። ይህን የምጽፈው የመካኒክነት ዕውቀት አለኝ በማለት አይደለም። በፊዚክስ ክፍል ስለ ግፊትና ስለ ሙቀት የተማርነው ትምህርት በአንድ የዛገ ቧንቧ ላይ እንዴት እንደ ተገለጠልኝ ለጓደኞቼ ለማስረዳት፥ ደግሞም እኛ የሠራነውን ስሕተት ሌላው እንዳይሠራው ለማሳሰብ ነው። ስሕተቱ ምን እንደ ነበረ በቦታው እነግራችኋለሁ።

አጎቴ ቱርቦ ያለው አይሱዙ አለው። ከዘመሮ ገብስና በግ ጭኖ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል፤ ከዚያም ሽንኩርትና ማሽላ ጭኖ ይመለሳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ያስቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ የሚገኘው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እንግዲህ መኪናው በአንድ ጉዞ 1,700 ሜትር ያህል ቁልቁለት ወርዶ ያንኑ መልሶ ይወጣል ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የጽሑፌ ነገር ሁሉ ከዚህ መውጣትና መውረድ ጋር የተያያዘ ነው።

አሮጌው ማርሚታ ከወገቡ ተሰንጥቆ ነበር። ጩኸቱም እጅግ የበረታ ከመሆኑ የተነሣ፥ መኪናው ገና ከከተማው መግቢያ ሲደርስ እናቴ ድምፁን ሰምታ ቡና ትጥድለት ነበር። አጎቴ ግን ያሳሰበው ጩኸቱ ሳይሆን መኪናው በአቀበት ላይ መድከሙ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አየራችን ልናገር። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እናቶቻችን ይህን ሳይማሩት ያውቁታል፤ ውሃ በእኛ ደጋ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላው በቆላ ካለው ይልቅ ብዙ እንጨት ይፈጃል። የሞተርም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ነዳጅ የሚነደው በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን ነው። አየሩ ከሳሳ፥ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል፤ ስለዚህም ቱርቦ የሌለው ሞተር ወደ እኛ ደጋ ሲወጣ ከኀይሉ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል።

ቱርቦ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ከውሃ ወፍጮ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በወፍጮው ውሃው ከላይ እየተወረወረ ከሥር ያለውን ባለ ክንፍ መዘውር ይመታል፤ መዘውሩ ዘንጉን፥ ዘንጉም ከላይ ያለውን ድንጋይ ያዞራል። በቱርቦም ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጢስ አንዱን ባለ ክንፍ መዘውር ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ በሌላው ጫፍ ያለው ሁለተኛ መዘውር ደግሞ አየር ከውጭ ስቦ፥ አጭቆ ወደ ሞተሩ ይከታል። እንግዲህ ሊጣል የነበረው ጢስ ሥራ ተሰጠው ማለት ነው። ወፍጮውና ቱርቦው የሚለያዩት በፍጥነትና በሙቀት ነው። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ ጭነት በበዛበት አቀበት ላይም ወደ እርሱ የሚገባው ጢስ ሙቀት ከ600 ዲግሪ ያልፋል።

ይህን ዘዴ አስቦ በ1905 (እ.ኤ.አ.) በስሙ ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡኺ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ ነው። ለእኛ ለደገኞች ይበልጥ ደስ የሚለው ግን የአሜሪካዊው የሳንፎርድ ሞስ ሥራ ነው። እርሱ በ1918 (እ.ኤ.አ.) ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ራስ፥ ወደ 4,300 ሜትር ከፍታ ወስዶ ፈተነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ሥፍራ 350 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ነበር። በተራራው ላይ ያለ ቱርቦ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦው ሲጨመርለት ግን 356 ሰጠ። ተራራው ከመንዝ ጓሳም ከፍ ይላል። አውሮፕላን በሰማይ ላይ የሚገጥመውን ስስ አየር በምድር ላይ ለማግኘት ብለው ነው ያን ሁሉ መንገድ ሞተር ተሸክመው የወጡት። እኛ ዘንድ ቢሆን በራችን ላይ ባገኙት ነበር።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ቱርቦ ከውጭው አየር በላይ 0.7 ባር ግፊት ይጨምራል እንበል። በባሕር ወለል የውጭው አየር 1 ባር ያህል ስለ ሆነ ድምሩ 1.7 ባር ነው፤ አየሩ 1.7 ጊዜ ተጨመቀ ማለት ነው። በእኛ ደጋ ግን የውጭው አየር 0.7 ባር ስለ ሆነ ድምሩ 1.4 ይመጣል፤ 1.4ን ለ0.7 ስናካፍለው 2 ይሆናል። መለኪያው በሁለቱም ሥፍራ አንድ ዓይነት ቍጥር ቢያሳይም፥ ቱርቦው በደጋ ይበልጥ መሽከርከር ይኖርበታል። ይህን ለፊዚክስ መምህራችን ባሳየኋቸው ጊዜ «ልክ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ምን ትማራለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም።

መልሱ በወፍጮው ውስጥ ነበር። ከመዘውሩ በታች ያለው የውሃ መውረጃ በደለል ቢደፈን ውሃው ይታቆራል፤ መዘውሩም ይዘገያል። መውረጃው ቢጠረግ መዘውሩ ይፈጥናል። ከቱርቦው በኋላ ያለው የጢስ ቧንቧ ልክ እንደዚህ መውረጃ ነው። ቧንቧው ከጠበበ፥ ከተጨረማመተ ወይም በጥላሸት ከተደፈነ መኪናው ይደክማል፤ ጢሱ ይጠቁራል፤ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች በሰፊ ቧንቧ ይለውጡታል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን አለ ልክ የሰፋ ቧንቧ፥ አስቀድሞ በስስ አየር ምክንያት የሚሮጠውን ቱርቦ ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ሊያስኬደው ይችላል። በቆላ የሚሠራ ሰው በሰፊ ቧንቧ ያገኘውን ትርፍ አይቶ ደገኛው ያንኑ ቢገጥም፥ አንዱን የጠቀመው ሌላውን ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። ከቱርቦው አፍ ጋር ወይም ከፋብሪካው ቧንቧ ጋር የሚተካከል ስፋት ይበቃል። ማርሚታውን ጨርሶ አውጥቶ ባዶ ቧንቧ መግጠምስ? ጩኸትን ኀይል የሚመስላቸው ጎልማሶች ይህን ያደርጋሉ፤ መንደሩ በሙሉ ከእንቅልፉ ሲነሣ መኪናው ግን ከቀድሞው ብዙም አይፈጥንም።

ከቱርቦው በፊት ያለው ክፍል፥ ማለትም ከሞተሩ ጢሱን የሚሰበስበው ብረት፥ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ጢሱ እንደ ሞቀና እንደ ታመቀ ወደ መዘውሩ መድረስ ይገባዋል። አንዲት ቀጭን ስንጥቅ ብትኖር ውሃው ከመዘውሩ ሳይደርስ ከቦዩ እንደ ፈሰሰ ያህል ነው። አጎቴም ያን ክፍል በመብራት መርምሮ ደኅና መሆኑን ካየ በኋላ አልነካውም።

አዲሱን ቧንቧና ማርሚታ አዲስ አበባ ወርዶ ከመርካቶ፥ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ አመጣው። መኪናው ከተሠራበት ፋብሪካ የወጣ ሳይሆን ለልዩ ልዩ መኪና እንዲስማማ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሲገዛ ስፋቱንና የቆርቆሮውን ውፍረት በሚገባ ለክቷል።

መኪናው ማታ ገብቶ ስለ ነበረ ሥራውን ለማግሥቱ አሳደርነው። ይህም ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ ትኩስ ቧንቧ ቆዳን ይገፍፋል። ሁለተኛ፥ የዛጉትን ዳዶዎች ናፍጣና ዘይት ቀላቅለን ስለ ቀባናቸው ሌሊቱን ይርሱ ብለን ነው። ጧት መኪናውን በደልዳላ ሥፍራ አቁመን ከጎማዎቹ ሥር ታኮ አደረግን፤ በክሪክ ካነሣነው በኋላም በወፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጆች ደገፍነው። እኔ ጉማጁ ሳይገባ ልሾልክ ስል አጎቴ በእግሬ ጎትቶ አወጣኝና «ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ምሰሶ አይደለም!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን አልረሳሁም።

ከአራቱ ዳዶዎች ሦስቱ ተፈቱ፤ አራተኛው ከነቡሎኑ ተቈረጠ። ደግነቱ ቡሎኑ ከወዲያ ወዲህ አሳላፊ ስለ ነበረ በአዲስ ለመተካት አልተቸገርንም። አሮጌው ቧንቧ እንደ ወረደ የቱርቦውን አፍ በትልቅ ንጹሕ ጨርቅ ሸፈንነው። ትልቅ መሆኑ ተረስቶ እንዳይቀር ነው፤ በደቂቃ 100,000 ዙር የሚሽከረከር ክንፍ አንዲት ዳዶ ወይም የጨርቅ ብጣሽ ቢነካው ይሰበራልና።

ቧንቧው ከወረደ በኋላ የተሰነጠቀበትን ምክንያት አየነው። ከዚህ ቀደም አንድ በያጅ የላስቲኩ ማንጠልጠያ ቢበጠስ ጊዜ ቧንቧውን ከሻንሲው ጋር በብረት በይዶት ኖሯል። ጥብቅ ስለ ሆነ ጠንካራ መስሎታል። እኔ ግን ደብተሬን አውጥቼ አሰላሁ። የብረት ርዝመት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት ከ1,000,000 እጁ 12ቱን ያህል ይጨምራል። ቧንቧው 3 ሜትር ቢሆንና ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ቢጨምር 3,000 ሚሊ ሜትርን በ0.000012ና በ300 ስናባዛው 10.8 ሚሊ ሜትር ይመጣል። እንግዲህ ቧንቧው በየጉዞው የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ረዝሞ ይመለሳል፤ በሁለት ወገን ተበይዶ ከታሰረ ግን መርዘሚያ ስለሌለው በደከመበት ቦታ ይሰነጠቃል። ከዚህም የተነሣ ቧንቧው በላስቲክ መንጠልጠል አለበት፤ ክብደቱም በሙሉ በማንጠልጠያዎቹ ላይ እንጂ በቱርቦው አንገት ላይ መዋል የለበትም።

አዲሱ ቧንቧ በአንድ ቦታ ስለ ረዘመብን ተቈርጦ መበየድ ነበረበት። ይህን በመኪናው ላይ እንዳለ አላደረግነውም፤ ልኩን ምልክት አድርገን አውርደን ወደ በያጅ ወሰድነው። የብየዳ ኤሌክትሪክ የመኪናውን የኤሌክትሪክ ዕቃዎችና የቱርቦውን ዘንግ ማቀፊያ ሊጎዳ ይችላል። የግድ በመኪናው ላይ የሚበየድ ነገር ካለ ግን አስቀድሞ የባትሪውን ገመድ መንቀል ያሻል። የመጋጠሚያዎቹን ፊት ከጥላሸት ጠርገን አዲስ ጓርኒሲዮን አገባን። ከዚያም ሁሉንም ዳዶ በእጅ ብቻ አስይዘን ቧንቧው ከፊት እስከ ኋላ ሳይጣመም እንዲሰቀል ካስተካከልን በኋላ፥ ከቱርቦው ጀምረን ወደ ኋላ እየሄድን አጠበቅን። አንዱን ጨርሶ ከማጥበቅ እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ ጓርኒሲዮኑን እኩል ያስቀምጠዋል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ የሚያስመሰግን ነው። አሁን ወደ ስሕተታችን ልምጣ።

በአሮጌው ቧንቧ ላይ፥ ከቱርቦው ትንሽ ወረድ ብሎ፥ በውስጡ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ መዝጊያ ያለው አጭር ብረት ነበረ። አዲሱ ቧንቧ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረውም። «ጋሼ፥ ይህስ የት ይገባል?» ብዬ ጠየቅሁ። አጎቴ «እሱ ይቆየን፤ መጀመሪያ ቧንቧው ይያዝ» አለኝ። ያ ዕቃ የሞተሩ ፍሬን ነበር። ሾፌሩ ነዳጁን ለቅቆ ማብሪያውን ሲጫን መዝጊያው ይዘጋል፤ ከሞተሩ የሚወጣው አየር መውጫ ስለሚያጣ በቧንቧው ውስጥ ይታመቃል፤ ፒስቶኖቹም ሽቅብ በመጡ ቍጥር ያን የታመቀ አየር መግፋት ይሆንባቸዋል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ መኪናውን መንዳቱን ትቶ ይይዘዋል። ያው ቧንቧ በአቀበት ላይ ጢሱን የሚለቅ፥ በቁልቁለት ላይ ደግሞ አፍኖ የሚይዝ መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ነው።

አጎቴ መኪናውን ባዶውን ለመፈተን ይዞት ወጣ፤ እኔም አብሬው ተቀመጥሁ። በአቀበቱ ላይ እንደ ወይፈን ወጣ። ጋሼ ደስ ብሎት ያፏጭ ነበር። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ እጁ ከልማድ የተነሣ ወደ ማብሪያው ሄደ፤ ተጫነው፤ ምንም የለም። መኪናው እንደ ፈለገው ይንደረደር ጀመር። የእግር ፍሬኑ ያዘልንና ደኅና ደረስን፤ ነገር ግን ስንወርድ የጎማዎቹ አካባቢ የተቃጠለ ነገር ይሸት ነበር። አጎቴ ፉጨቱን ትቶ ዝም አለ። መኪናውን አቁሞ ለረጅም ጊዜ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቆየና «ይኸኔ 40 ኩንታል ጭኜ ጣርማ በር ላይ ብሆን ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

ያልጨረሰውን እኔ በደብተሬ ጨረስሁት። መኪናው ከነጭነቱ 7,000 ኪሎ ነው ብንል፥ 1,700 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኀይል 7,000 በ9.8 በ1,700 ተባዝቶ 116,000,000 ጁል ያህል ይሆናል። ይህ ሁለት በርሜል፥ ማለትም 400 ሊትር ያህል ውሃ፥ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ በእኛ ደጋ እስኪፈላ ድረስ የሚያሞቅ ነው። የሞተሩ ፍሬን ከሌለ ከዚህ ሙቀት አብዛኛው የሚወድቀው በጎማዎቹ ፍሬን ላይ ነው፤ ፍሬን አለ ልክ ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። መምህሬ ከደጋው አየር ምን እንደምማር ለጠየቁኝ ጥያቄ ግማሹን መልስ ከወፍጮው፥ ግማሹን ደግሞ ከዚህ በርሜል አገኘሁት።

በማግሥቱ ቧንቧው እንደ ገና ወረደ። በያጁ ከቱርቦው በኋላ ያለውን ክፍል ቈርጦ የመዝጊያው ብረት እንደ ቀድሞው በዳዶ እንዲታሰር ሁለት መጋጠሚያ ሠራለት። በአሮጌው ላይ እንደ ነበረ እንዲሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላው እንዳይገለበጥ ምልክት አድርገንበት ነበር። ከተገጠመ በኋላ መዝጊያው ሳይነካካ መዘጋቱንና መከፈቱን በእጃችን ሞከርን፤ ቀጥሎም ሞተሩ ተነሥቶ በማብሪያው ሞከርነው። እዚህ ላይ ጓርኒሲዮን መልካም መሆኑ እጥፍ ዋጋ አለው፤ መጋጠሚያው ካፈተለከ ጢሱ አይታፈንም፤ ጢሱ ካልታፈነም ፍሬኑ ይላላል።

ሞተሩን ያስነሣነው ዝናብ እየጣለም ቢሆን ከመጠለያው አውጥተን በደጅ ነው። በደጋችን በብርድ ሌሊት ከሰል አያይዘው ቤት ዘግተው በመተኛታቸው ስለ ሞቱ ሰዎች ሁላችንም ሰምተናል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ሽታም መልክም የለውም፤ ከደማችን ጋር የመጣበቅ ኀይሉም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በመኪና ጢስ ውስጥም ይኸው ጋዝ አለ። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ያነሰ ያወጣል፤ ቢሆንም በተዘጋ ቤት ውስጥ በእርሱ መተማመን አይገባም። የቧንቧው ጫፍም ከጋቢናው ሥር ሳይቀር ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ወጥቶ መጨረስ አለበት፤ በተለይ እኛ በብርድ ምክንያት መስኮት ዘግተን ስለምንሄድ።

የሚያፈተልክ ቦታ ለማግኘት አጎቴ ያሳየኝ ዘዴ ቀላል ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ተነሥቶ፥ አንድ ሰው በወፍራም እርጥብ ጨርቅ የቧንቧውን ጫፍ ለአፍታ ጋረድ ሲያደርግ ሌላው በመጋጠሚያዎቹ አጠገብ ጆሮውን ያዘነብላል። የሚያፏጭ ካለ ይሰማል። እኛም አንድ አገኘን፤ ከማርሚታው በፊት ያለው ፋሼታ ላልቶ ነበር። ሰውን የማያታልለው ሌላው ምልክት ጥላሸት ነው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ በመጋጠሚያ ዙሪያ ጥቁር ጭረት ከታየ ጢስ በዚያ ይወጣል ማለት ነው።

አጎቴ የመጀመሪያውን ጉዞ በግማሽ ጭነት አደረገ። ከዋሻው በታች ማርሹን ዝቅ አድርጎ ማብሪያውን ሲጫን መኪናው ልጓም እንደ ተሳበ በቅሎ ቀስ ማለቱን ሲመለስ ነገረን። ድምፁም ስለ ቀነሰ እናቴ ያን ቀን ቡናውን ሳትጥድ በሩ ላይ ደረሰባት። ብረት ሞቆ ከበረደ በኋላ ዳዶ ይላላልና፥ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ከሥሩ ገብቼ ሁሉንም በመፍቻ ሞከርኋቸው። በመዝጊያው መጋጠሚያ ላይ ያሉት ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ተቀበሉ፤ የቀሩት አልተነቃነቁም። ስገባ ጉማጁ በቦታው ነበር።